የቀረችን አንዷ ብቻ ናት

ልጄ ማሙሽ ደህና ነው። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ልባችሁ ተንጠልጥሎ እንድታነቡ አልፈልግም። ይህን በምጽፍበት ሰዓት ሱቄ ውስጥ የጥምዝ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያወለቀ ነው። ማውለቅ እንጂ ማድረግ አይችልበትም። እኔ አደርጋለሁ፣ እሱ ያወልቃል። እንዲህ እያልን እንውላለን።

ጅማ መርካቶ ውስጥ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ በርበሬ፣ ጥቁር አዝሙድ። ባለቤቴ በአይሱዙ ቡና ወደ አዲስ አበባ ያመላልሳል። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ ሴት ናት፣ አምስት ዓመቷ ነው። ማሙሽ ትንሹ ነው።

ክትባትን ተጠራጥሬ አላውቅም። "ያመክናል"፣ "ፈረንጅ የላከው ነው" የሚሉ ሰዎች ሲያወሩ ከሚስቁት ወገን ነኝ። እምቢ ያልኩበት ቀን የለም። እሺ እንዳልኩ ነው ልጄ በኩፍኝ ሊሞትብኝ የነበረው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለተቃዋሚ አይደለም። እንደ እኔ "አስከትባለሁ፣ ለምን አላስከትብም" እያለች ቀኑን ለምታሳልፍ እናት ነው። አባትም ያንብበው።

ማሙሽ የተወለደው ኅዳር ላይ ነው። እንደተወለደ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያውን ክንዱ ላይ ተወጋ፣ የፖሊዮ ጠብታ ጠጣ። በስድስት ሳምንቱ ወሰድኩት። በአሥር ሳምንቱ ወሰድኩት። በአሥራ አራት ሳምንቱም ወሰድኩት። አንዷ መርፌ ብቻዋን አምስት በሽታ ትከላከላለች፤ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ የጉበት በሽታ የሚያመጣውን ሄፓታይተስ ቢን፣ የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጣውን ሂብን። እሷን ሦስት ጊዜ ወስዷል። የሳንባ ምችና የተቅማጥ ክትባቱንም በጊዜው ጨርሷል። ካርዱ ሲታይ ያኮራል። አንድም ቀን አላዛነፍኩም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከሦስት ወር ተኩል እስከ ዘጠኝ ወር ድረስ ረጅም ዝምታ አለ። በየአራት ሳምንቱ መመላለስ የለመደች እናት በድንገት ከአምስት ወር በላይ ነጻ ትሆናለች። ልጁ ይወፍራል፣ ይስቃል፣ ይቀመጣል፣ ይድሃል። ካርዱ ደግሞ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላ ሥር ይገባል። "የቀረችን አንዷ ብቻ ናት" እል ነበር ሰው ሲጠይቀኝ። ይህም ራሱ ስሕተት ነው። ኩፍኝ ሁለት ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ በዘጠኝ ወርና በአሥራ አምስት ወር። ሁለተኛው ዙር በአገራችን የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ለትልቋ ሁለቱንም አስከትቤያለሁ። ለሁለተኛው ልጅ ግን ሰው እንዴት እንደሚረሳ የወለደ ያውቀዋል።

ዘጠኝ ወር የሞላው ነሐሴ ላይ ነው። ዝናቡን ታውቁታላችሁ፤ የጅማ ነሐሴ። ማሙሽ ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ይፈስ ነበር። "ታሞ እያለ መርፌ አልደርብበትም" ብዬ በራሴ ፈረድኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። በኋላ እንደተረዳሁት ቀላል ጉንፋን፣ ትንሽ ሳል፣ ትንሽ ተቅማጥ ክትባት አያስቀርም። በጠና ለታመመ ልጅም ቢሆን ወሳኟ እኔ ሳልሆን ባለሙያው ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ጳጉሜን ላይ ነበር። ሱቅ ዘግቼ ማክሰኞ ሄድኩ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። "የኩፍኝ ሐሙስ ነው፣ ዛሬ ልጆች አልተሰበሰቡም" አለችኝ ባለሙያዋ። ነገሩ ወዲህ ነው። የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው። በፈሳሽ ይበጠበጣል። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ይበቃል፤ አንዴ ከተበጠበጠ ግን ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የተረፈው ይደፋል። እንዳይባክን ሲሉ ልጆች እስኪሰበሰቡ ይጠብቃሉ። ጤና ጣቢያ የመጣ ልጅ ሳይከተብ መመለስ የለበትም፣ ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈታል የሚል ምክር እንዳለ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ያን ቀን ባውቅ እለማመጥ ነበር። ምናልባት እጨቃጨቅም ነበር። አላወቅኩም፣ ተመለስኩ።

ሐሙስ ደግሞ የጅማ ገበያ ነው። ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከማና ሰው የሚጎርፍበት ቀን ነው። የሳምንት ገቢዬ ግማሹ የሚመጣው በዚያ ቀን ነው። "የሚቀጥለው ሐሙስ" አልኩ። ከዚያ እንቁጣጣሽ መጣ። መስቀል መጣ። ትልቋ ትምህርት ቤት ገባች። ጥቅምት ላይ የቡና ለቀማ ተጀመረ፣ ባለቤቴ መንገድ ላይ ማደር ያዘ። በጅማ የቡና ወቅት ከገባ ሰው ሌላ ነገር አያስብም። እኔም አላሰብኩም። እንዲህ እንዲህ ብሎ ማሙሽ አሥራ አራት ወር ሆነው።

ጥር ላይ በአጋሮ በኩል የዘመድ ሰርግ ነበር። ድንኳን ሞልቶ፣ ልጆች ተጨናንቀው። ዓይኑ የቀላ፣ የሚያስል አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል፤ እናቱ "አቧራው ነው" ስትል ሰምቻለሁ። ከዚያ ይሁን ከሌላ አላውቅም። ኩፍኝ ከትንፋሽ ነው የሚተላለፈው። የታመመው ሰው ከክፍሉ ወጥቶ ከሄደ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። ካልተከተቡ አሥር ሰዎች አብረውት ቢውሉ ዘጠኙ ይያዛሉ። ወጥ አልቀመሰም፣ ማንም አልሳመውም ማለት አያድንም።

ከሰርጉ በአሥራ አንደኛው ቀን ትኩሳት ጀመረው። አፍንጫው ፈሰሰ፣ ሳለ፣ ዓይኑ ቀላ። ጉንፋን ነው ብዬ ከመድኃኒት ቤት ሽሮፕ ገዛሁ። "አንቲባዮቲክም ጨምርልኝ" ያልኩት እኔ ነኝ። እሱም ጨመረልኝ። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም፤ የገዛሁት ሦስት ቀን የሚያሳስት መጽናኛ ነበር። በእነዚያ ሦስት ቀናት በግቢው እንደወትሮው አዝዬው ዞርኩ። ይህን መስመር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በአራተኛው ቀን ከጆሮው ጀርባና ከፀጉሩ መነሻ ላይ ሽፍታ ወጣ። ማታ ፊቱን ሸፈነው። በማግሥቱ ደረቱንና ሆዱን። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት አሉ፣ ግቢው ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። አይተው "ኩፍኝ ነው" አሉ። ልክ ነበሩ። ቀጥለው ያሉት ግን ጎዳን። "ኩፍኝ መርፌ አይወድም። ሐኪም ቤት እንዳትወስጂው። መስኮት ዝጊ፣ አትጠቢው፣ ቡና አፍይለት፣ ራሱ ወጥቶ ይሄዳል።" ሙሉ ሁለት ቀን እንዳሉኝ አደረግኩ። ቡና አፈላሁ፣ ፈንዲሻ በተንኩ፣ በጨለማ ቤት ታቅፌው ተቀመጥኩ።

እማማን አትፍረዱባቸው። ፊታቸው ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ አለ። እህታቸው በዚያው ሞታለች። እሳቸው ልጅ በነበሩ ጊዜ ሰው የሚያውቀው መፍትሔ መጠበቅ ብቻ ነበር፤ ወጥቶ ይሄዳል ወይም ልጁን ይዞ ይሄዳል። አሁን በመርካቶ መሃል ቆማችሁ ብታዩ ፊቱ በፈንጣጣ የተጠቀጠቀ ወጣት አታገኙም። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። በ1972 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ያጠፋው ቡና ማፍላት አልነበረም። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ገጠር ለገጠር ዞረው ነው።

በሁለተኛው ሌሊት የማሙሽ ትንፋሽ ተለወጠ። የሮጠ ውሻ ይመስል ነበር። ሸሚዙን ስገልጥ ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ያለው ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። ጡት አስጠጋሁት፣ አልያዘም። የአፉ ውስጥ ቆስሏል። ባለቤቴ መንገድ ላይ ነበር። ስልክ ደወልኩለት፣ ኔትወርክ የለም። ትልቋን ለእማማ ትቼ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ባጃጅ ፈልጌ ወጣሁ። እማማ በሩ ላይ "አይሆንም ልጄ" ሲሉ ነበር። አልመለስኩላቸውም። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ንቄ ያለፍኩት ያን ሌሊት ብቻ ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ገረመኝ። አንዲት ነርስ ልብሱን ገልጣ ሰዓቷን እያየች ትንፋሹን ቆጠረች። ብቻ። እናንተም ይህን ቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ረጋ ባለበት ሰዓት ስልካችሁን ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ተነሥታችሁ ሂዱ። ደረቱ የሚሰረጎድ ከሆነማ መቁጠሩም ይቅር። ማሙሽ 64 ነበር።

ኩፍኙ ወደ ሳንባ ምች ተለውጦ ነበር። ለብቻው ክፍል አስተኙን፣ ሌሎች ልጆች እንዳይያዙ። ኦክስጅን አደረጉለት። ለሳንባው አንቲባዮቲክ፣ በመርፌ። አዎ፣ በመርፌ። ለዓይኑ ቅባት፤ ኩፍኝ ዓይን እንደሚያጠፋ እዚያ ነው የሰማሁት። ሁለት ቀን በተከታታይ ቫይታሚን ኤ አፉ ውስጥ ጠብ አደረጉለት። ኩፍኙን ራሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። የሚታከመው ኩፍኙ የሚያመጣው ጣጣ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ሰውነቴ በረደ። እኔ እኮ ሐኪም ቤት ከደረስኩ መድኃኒቱ ይኖራል ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ትንሽ ሲረጋጋ ወጣቱ ሐኪም "እህቴ፣ ካርዱን ይዘሽዋል?" አለኝ። አወጣሁለት። አየው። ባዶዋን ሳጥን በጣቱ ነካ አደረጋትና ምንም ሳይናገር መለሰልኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ራሴ ጠየቅኩት። "ለምን ዘጠኝ ወር? ለምን ገና ሲወለድ ከሌሎቹ ጋር አትሰጡትም?" ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ በደሙ አለ። እሱ እያለ ክትባቱ ቢሰጥ የእናትየው መከላከያ ያከሽፈዋል፤ ሰውነቱ ሳይማር ይቀራል። የእናትየው ደግሞ በወራት ውስጥ እየሳሳ ያልቃል። ዘጠኝ ወር የተመረጠው ለዚህ ነው። እንደዚያም ሆኖ በዘጠኝ ወር ከተከተቡ 100 ልጆች 85 ያህሉ ናቸው የሚጠበቁት። ሁለተኛው ሲጨመር ከ95 በላይ ይሆናሉ። ለዚያ ነው ሁለቴ የሆነው።

ነገሩ የገባኝ በራሴ ሥራ ሳስበው ነው። በርበሬ ነጋዴ አንድ ጊዜ ሸክላ የተደባለቀበት በርበሬ ገዝቶ ከከሰረ ሁለተኛ አይታለልም። በጣቱ አሽቶ ያውቀዋል። ችግሩ ያ የመጀመሪያው ኪሳራ ሱቅ ሊዘጋ ይችላል። ክትባት ማለት አንድ ደግ ሰው ሳትከስሪ በፊት ያንን የተበላሸ በርበሬ በቁንጥር አምጥቶ "ይኸው፣ አሽቺው፣ እንዲህ ነው የሚሻክረው" ሲልሽ ነው። ቁንጥሯ አታከስርሽም። ጣትሽ ግን አይረሳም። በኩፍኝ ክትባት ውስጥ ያለው እንዲሁ የተዳከመ ቫይረስ ነው፤ ሰውነት ያሸዋል፣ ይለየዋል፣ ዋናው ሲመጣ ይጠብቀዋል።

ማስረጃው ደግሞ ቤቴ ነበር። ትልቋ ልጄ ከማሙሽ ጋር በአንድ አልጋ ነው የምትተኛው። በአንድ ብርጭቆ ይጠጣሉ። ያን ሳምንት ሙሉ ሲያስል ፊቷን ሰጥታው ነበር። አላተኮሳትም፣ አላነጠሳትም። አንድ እናት፣ አንድ ቤት፣ አንድ አየር። ልዩነታቸው ካርዳቸው ላይ ያሉ ሁለት ቀኖች ናቸው።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት ልመለስ። ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን በፊት ጀምሮ ይተላለፋል። እኔ ጉንፋን ነው ብዬ በግቢው አዝዬው በዞርኩበት ጊዜ ማለት ነው። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ወጣት እናት አለች፣ የአራት ወር ሴት ልጅ ያላት። ማሙሽን ከልጇ ጎን ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ ቡና ጠጥተናል። ያቺ ሕፃን ብትፈልግም መከተብ አትችልም፤ ዕድሜዋ አልደረሰም። የእሷ አጥር የኔ ልጅ መከተብ ነበር። ከ100 ሰው 95 ያህሉ ሲከተብ በሽታው መተላለፊያ ያጣል፣ ያልደረሱት በመሃል ይድናሉ። እኔ አጥሩን ከፍቼ ተውኩት።

ከሆስፒታል ሆኜ ደውዬ ነገርኳት። ደስ የማይል ስልክ ነበር። ዝም አለች፣ ከዚያ "እሺ" ብላ ዘጋችው። ሐኪሙ እናትየው የተከተበች ወይም በልጅነቷ የወጣላት ከሆነ ሕፃኗ ከእናቷ የወረሰችው መከላከያ ሊኖራት ይችላል አለኝ። ሊኖራት ይችላል። ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው የልጅቷን ለቅሶ በግድግዳው በኩል አዳመጥኩ፤ ሳል አለበት የለበትም እያልኩ። ውኃ ልቀዳ ስወጣ እናትየዋ ገብታ በሯን ትዘጋ ነበር። አልፈርድባትም። ልጅቷ አልታመመችም። በአሥራ ስምንተኛው ቀን በሩን አንኳኩታ ቡና አፍልቻለሁ ነዪ አለችኝ። ስለ ጉዳዩ አላወራንም።

ማሙሽ ዘጠኝ ቀን ተኝቶ ወጣ። ግን አላለቀም ነበር። ጆሮው ለሳምንታት ፈሰሰ። ተቅማጥ ሁለት ጊዜ ጣለው። ክብደቱ ወርዶ የስድስት ወር ሱሪው ሆነው። ኩፍኝ ሰውነት ድሮ የተማረውን መከላከያ ያስረሳዋል፤ ልጁ ከዳነ በኋላም ለወራት በየበሽታው የሚጠቃው ለዚህ ነው። "ወጥቶለታል፣ አለፈ" አትበሉ። ምግቡን ጨምሩ፣ ተከታተሉት። ጠንከር ሲል የኩፍኝ ክትባቱንም አስከተብኩት፤ አንዴ ስለታመመ ይቀራል ብዬ ነበር፣ አይቀርም አሉኝ። ክትባቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። ሕመሙ የወሰደብንን ሒሳብ ባልጽፈው ይሻላል፤ ለባለቤቴም አሟልቼ አልነገርኩትም።

እንግዲህ ከኔ ውሰዱ የምላችሁ ጥቂት ነገር ነው። የአሥራ አራት ሳምንቱን አስከትባችሁ ስትወጡ፣ ገና በሩ ላይ እያላችሁ፣ የዘጠኝ ወሩንና የአሥራ አምስት ወሩን ቀን ስልካችሁ ላይ አስገቡ። ካርዱን ፎቶ አንሡት። ለባላችሁም ላኩለት። የኩፍኝ ክትባት የሚከፈትበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በየጤና ጣቢያው ይለያያል። ካርድ ቢጠፋም አፍራችሁ እንዳትቀሩ፣ መዝገብ አላቸው። ቀኑ ቢያልፍም ሂዱ፤ የዘገየ ክትባት እንደገና ከዜሮ አይጀመርም፣ ካቆመበት ነው የሚቀጥለው። ከኩፍኝ ክትባት በኋላ፣ ሳምንት ካለፈ ወዲህ፣ ቀላል ትኩሳት ወይም ትንሽ ሽፍታ ሊኖር ይችላል፤ አትደንግጡ። የተወጋበት ላይ ቅቤም ቡናም አትቀቡ።

ሰኔ ላይ የጎረቤቴ ልጅ ዘጠኝ ወር ሞላት። ቀኑ ሐሙስ ነው። ከረቡዕ ጀምሬ መርካቶ ውስጥ ልጅ ያላቸውን ሻጮች ዞርኩ። "ነገ የዘጠኝ ወር ያለው? የአሥራ አምስት ወር ያለው?" ሳቁብኝ። ግን ሰባት ሆንን። ዝናቡ ሲወርድ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ በሦስት ባጃጅ ሄድን። እማማ ሳይጠሩ መጡ፤ ሕፃኗን ጋቢያቸው ውስጥ ከተዋት ነበር። ባለሙያዋ በር ላይ ልጆቹን ቆጠረች፣ ሰባት፣ ምንም ሳትል ብልቃጡን ከማቀዝቀዣ ሣጥኑ አወጣች። ልጅቷ ስትወጋ አለቀሰች። እማማ ፊታቸውን አዙረው ነበር። "አለቀ?" አሉ። "አለቀ" አልኳቸው። "የአሥራ አምስት ወሩስ መቼ ነው?"

ሱቄን አምስት ሰዓት ላይ ከፈትኩ። ገበያው እንደሞላ ነበር።